ሳይበር የነደደው ሞተር

ስለ ጠፈር ጉዞ ሲወራ ሁላችንም የምናስታውሰው የመነሻውን ቀን ነው። ወደ ኋላ የሚቆጠረው ሰዓት፣ ከሥር የሚግተለተለው ጭስ፣ ሽቅብ የምትወነጨፈው መንኮራኩር፤ ይህን በቴሌቪዥን ያላየ የከተማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀን በፊት ያ ሞተር ስንት ጊዜ ከብረት ማማ ጋር ታስሮ እንደጮኸ፣ ስንት ጊዜ እንደነደደ፣ መሐንዲሶች ስንት ጊዜ ከቀለጠ ብረት መካከል የጥፋቱን መነሻ ሲፈልጉ እንደከረሙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቢጠየቅም አይፈረድም። ነገሩ ሁሉ የሚሆነው ተመልካች በሌለበት ረግረጋማ ጫካ ውስጥ ነበርና።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ ጫካና ስለዚያ ሞተር ነው። ሞተሩ የአሜሪካው ስፔስ ሻትል ዋና ሞተር ሲሆን፣ ጫካው የሚገኘው በሚሲሲፒ ግዛት በፐርል ወንዝ ዳርቻ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበልልኝ።

ከቦታው እንጀምር። ኦክቶበር 25 ቀን 1961 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ፣ ሰውን ወደ ጨረቃ የሚያደርሱትን ግዙፍ ሮኬቶች በምድር ላይ የሚፈትንበትን ቦታ መምረጡን አስታወቀ። የተመረጠው ሃንኮክ የተባለው አውራጃ ነበር። ሮኬቱ በመኪና መንገድ የማይጓጓዝ በመሆኑ ጀልባ የሚያስገባ ውሃ ያስፈልግ ነበር፤ ድምፁ የቤት መስኮት የሚያረግፍ በመሆኑ ደግሞ ሰው የማይኖርበት ሰፊ መሬት ያስፈልግ ነበር። ውሃው ተገኘ። ሰው የማይኖርበት መሬት ግን አልነበረም፤ ስለዚህ እንዲሆን ተደረገ። ጌይንስቪል፣ ሎግታውን፣ ሳንታ ሮዛ፣ ናፖሊዮንና ዌስቶኒያ የተባሉ አምስት መንደሮች ካሳ እየተከፈላቸው ተነሡ። ስድስት መቶ ስድሳ ያህል ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ትምህርት ቤቶቹና ሱቆቹ አብረው ቀሩ። የክፍሉ ተወካይ ሴናተር ጆን ስቴኒስ ራሳቸው ሎግታውን ድረስ ወርደው ሕዝቡን ሲያግባቡ እንደነበር ይታወቃል፤ ሥፍራው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ በእሳቸው ስም ተሰይሟል።

ማማዎቹ የቆሙበት ግቢ 5 ሺህ 500 ሄክታር ገደማ ነው። በዙሪያው ለድምፁ ማብረጃ ተብሎ መኖሪያ እንዳይሠራበት የተከለለው ግን 50 ሺህ ሄክታር ይሆናል። በአባቶቻችን ልኬት 1 ሺህ 250 ጋሻ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ለጩኸት ብቻ! ሰዎቹ የተነሡት ጨረቃ ይረገጥ ዘንድ ነበር፤ ጨረቃም ተረገጠ። በ1970 መጨረሻ ግን የጨረቃው ሮኬት ፈተና አበቃና ማማዎቹ ጭር አሉ። ሥፍራው ይዘጋል ሲባል፣ በማርች 1971 አዲስ ሞተር እንደሚመጣለት ተነገረ።

አዲሱ ሞተር ከቀድሞዎቹ የሚለይበት ጠባይ አንድ ነው፤ ተመልሶ የሚሠራ መሆኑ። የጨረቃው ሮኬት ሞተሮች ጥቂት ደቂቃ ነድደው ውቅያኖስ ውስጥ ይወድቁ ነበር። ሻትል ግን እንደ አውሮፕላን ሄዳ የምትመለስ፣ ሞተሮቿም አብረዋት ተመልሰው እንደገና የሚነሡ እንዲሆኑ ተወሰነ። የተጠየቀው 55 ጊዜ መነሣት፣ በድምሩም ሰባት ሰዓት ተኩል መንደድ የሚችል ሞተር ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ለአንድ የአዲስ አበባ ታክሲ ሞተር የአንድ ቀን ሥራ አይሞላም። ለሮኬት ሞተር ግን ማንም ያልሞከረው ዕድሜ ነው።

ሥራውን በጁላይ 1971 ያገኘው የካሊፎርኒያው ሮኬትዳይን ኩባንያ ነው። የተሸነፈው ፕራት ኤንድ ዊትኒ (የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች ለብዙ ዓመታት ሞተሩን ይዘው የበረሩለት ያው ኩባንያ) አድልዎ ተደርጎብኛል ብሎ ከሰሰ። አቤቱታው እስኪታይ ወራት አለፉ፤ ውድቅ ሆነና ውሉ በኦገስት 1972 ተፈረመ። ይህን ኩባንያ አንባቢ አይርሳው፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ ሞተሩ ጥቂት ማለት ግድ ነው፤ አለዚያ ለምን እንደነደደ አይገባንም። ነዳጁ ፈሳሽ ሃይድሮጂን ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። ማቃጠያው ደግሞ ፈሳሽ ኦክሲጅን ሲሆን እሱም ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ይደርሳል። ሁለቱ ተገናኝተው ሲነዱ ሙቀቱ 3 ሺህ 300 ዲግሪ ነው፤ ብረት የሚፈላበት ሙቀት ነው። ምድጃው የማይቀልጠው በቀጭን የመዳብ ቅይጥ ግድግዳው ውስጥ ያ በረዶ የሚያስንቅ ሃይድሮጂን በጠባብ ቦዮች እየፈሰሰ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። እንግዲህ ከጥቂት ሚሊሜትር ወዲህና ወዲያ ሲኦልና ብርድ ጎን ለጎን አሉ ማለት ነው።

በምድጃው ውስጥ ያለው ግፊት ከ200 አትሞስፌር ያልፋል፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ወደዚህ ግፊት ነዳጅ ለማስገባት ከዚያ የበለጠ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፖቹን የሚያዞሩት በሁለት ትንንሽ ምድጃዎች አስቀድሞ በከፊል የነደደ ጋዝ የሚነዳቸው ተርባይኖች ናቸው፤ ያው ጋዝ ሥራውን ጨርሶ ወደ ዋናው ምድጃ ይገባና ዳግመኛ ይነዳል። ምንም አይባክንም። የሃይድሮጂኑ ፓምፕ መጠኑ ከአንድ የመኪና ሞተር ብዙ የማይበልጥ ሆኖ ከ60 ሺህ የፈረስ ጉልበት በላይ ያመነጫል፤ ዘንጉም በደቂቃ 35 ሺህ ጊዜ ይዞራል። ሦስት ቶን ከምናምን የሚመዝነው ይህ ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ 170 ቶን፣ አየር በሌለበት ጠፈር ደግሞ 213 ቶን ያህል ይገፋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ደንቡ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መፈተን ነበር። ፓምፑ ለብቻ፣ ምድጃው ለብቻ፣ ከዚያ ሁሉም ተገጣጥሞ። ዕቅዱም እንደዚያ ነበር፤ ለዚህም በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ልዩ መፈተኛ ተሠራ። ነገር ግን መፈተኛው ራሱ ከሞተሩ ባልተናነሰ ያስቸግር ጀመር፤ ጊዜውም ገንዘቡም አለቀ። በመጨረሻ ተተወና ሞተሩ ራሱ መፈተኛ ሆነ። ፓምፑ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው ሙሉ ሞተር ላይ ተገጥሞ ሲነሣ ነው፤ ጤነኛ ካልሆነ ደግሞ ሙሉውን ሞተር ይዞ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት በኋላ የመጣው መከራ ግማሹ የተወለደው ከዚህ ውሳኔ ነው። ገንዘብ የቆጠበ የመሰለው ያ ውሳኔ ስንት ሞተር እንደበላ ከዚህ በታች እናያለን።

በሚሲሲፒ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በ1975 ነው። መጀመሪያ የጠፋው ዘዴ ሞተሩን ማስነሣት ነበር። መኪና የሚያስነሣ ሰው ቁልፍ ያዞራል፤ ካልተነሣ ይደግማል። እዚህ ግን ሦስቱ ምድጃዎች ተራቸውን ጠብቀው መያዝ አለባቸው፤ አንዱ በ1.4 ሴኮንድ፣ ዋናው በ1.5፣ ሦስተኛው በ1.6 ሴኮንድ። ከአንዱ እስከ ሌላው የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ተርባይኑ ይቃጠላል። ቫልቭ ሁለት በመቶ ያህል አለቦታው ቢከፈትም ውጤቱ ያው ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛው ሃይድሮጂን ገና ባልቀዘቀዘው ቧንቧ ሲገባ እየፈላ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአምስት ሴኮንዱ የመነሻ ሂደት ውስጥ ሁለተኛዋ ሴኮንድ ላይ ለመድረስ ብቻ 19 ሙከራ፣ 23 ሳምንትና ስምንት የተቀየሩ ፓምፖች ጠየቀ። ከዚያ ወደ ዝቅተኛው የሥራ ጉልበት ለአንዲት አፍታ ለመድረስ ሌላ 18 ሙከራ፣ 12 ሳምንትና አምስት ፓምፕ ተጨመረ። ስምንት ወር ማለት ነው፤ ሞተር ለማስነሣት!

ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ብቅ አለ። በማርች 1976 ሞተሩ ትንሽ ቆይቶ እንዲነድ ሲደረግ የሃይድሮጂኑ ፓምፕ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘንጉ በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ሳለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከፍጥነቱ ግማሽ በሚሆን ዙር እየተወዛወዘ ሌላ ክብ ይሠራል። እንዝርት የሚያሾር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እንዝርቷ በቀጥታ እየሾረች ጫፏ ደግሞ ቀስ ብላ ስትዞር ማለት ነው። ለእንዝርት ጌጥ ነው፤ በደቂቃ 35 ሺህ ለሚዞር ዘንግ ግን ሞት። በተርባይኑ በኩል ያሉት ኩሽኔታዎች እየጋሉ ተፈረካከሱ።

ወደ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በዚህ ብቻ አለፈ። ከአሜሪካም ከውጭም የተሽከርካሪ ዘንግ ሊቃውንት ተጠሩ። የኩሽኔታዎቹ መቀመጫ ጠነከረ፤ ፈሳሹን የሚያግዱት ቀለበቶች ቅርጻቸው ተለወጠ፤ መወዛወዙም ተገታ። ኩሽኔታዎቹ ግን አሁንም ይግላሉ። በኋላ የተገኘው ምክንያት የሚያስገርም ነው። ኩሽኔታዎቹን የሚያቀዘቅዘው ሃይድሮጂን በዘንጉ ግርጌ ሲደርስ፣ ውሃ በማፍሰሻ ጉድጓድ እንደሚዞረው እየተሽከረከረ መንገዱን ይዘጋ ነበር። መድኃኒቱ አዙሪቱን የምትሰብር፣ የሳንቲም ያህል የሆነች የብረት ግድብ ሆነች። የስንት ሊቅ ሒሳብ የደከመበት ነገር በአንዲት ቁራጭ ብረት ተፈታ። የሶማሌ ተራ መካኒኮቻችን ይህን ቢሰሙ አይደነቁም፤ እነሱም በላሜራ ቁራጭ ስንቱን አዳነዋል።

እንግዲህ እስካሁን ያየነው ብልሽት ነው። እሳቱ የመጣው በ1977 ነው።

የኦክሲጅኑ ፓምፕ በተፈጥሮው አስፈሪ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ፣ በአንድ ጫፍ ሃይድሮጂን የበዛበት የጋለ ጋዝ ተርባይኑን ያዞራል፤ በሌላው ጫፍ ፈሳሽ ኦክሲጅን አለ። ሁለቱ ከተገናኙ ፍንዳታ ነው። እንዳይገናኙ የሚከለክሏቸው በዘንጉ ላይ የታሰሩ ቀለበቶችና በመካከላቸው የሚነፍስ ሂሊየም ብቻ ናቸው። ማርች 24 ቀን 1977 ይህ ፓምፕ በሥራ ላይ ሳለ ነደደ። ኦክሲጅን ውስጥ የተነሣ እሳት ብረቱን ራሱን እንደ ማገዶ ስለሚበላው፣ የጥፋቱ ማስረጃ አብሮ ተቃጠለ። መርማሪዎቹ የቀራቸው ከማማው ጋር የተያያዙት የመለኪያ መሣሪያዎች በወረቀትና በክር የጻፉት መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። ጥርጣሬያቸው በቀለበቶቹ ላይ አረፈ፤ ቀለበቶቹም የሂሊየሙም አነፋፈስ ተሻሻለ። ሴፕቴምበር 8 ቀን ሌላ ሞተር በዚያው ፓምፕ ምክንያት ነደደ፤ በዚህ ጊዜ የተጠረጠሩት ኩሽኔታዎቹ ናቸው።

በጁላይ 1978 የሆነው ደግሞ እንደ ተረት የሚነገር ነው። ፓምፑ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ይታወቅ ዘንድ አንድ ልዩ መለኪያ ከውስጥ ተገጠመ። መለኪያው ከሚዞረው ክፍል ጋር ተነካካ፤ ሞተሩም ተቃጠለ። በሽተኛውን ሊያይ የገባው ሐኪም ገዳይ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 27 ቀን የዋናው የኦክሲጅን ቫልቭ የውስጥ ክፍሎች በፈሳሹ ግፊት እየተንቀጠቀጡ፣ እርስ በርስ እየተፋተጉ እሳት ፈጠሩ።

ይህን ሁሉ ዋሽንግተን ዝም ብሎ አላየም። ሻትል በ1978 ወይም በ1979 ትበራለች ተብሎ ነበር። በሴኔቱ ጥያቄ በፕሮፌሰር ዩጂን ኮቨርት የሚመራ የሊቃውንት ኮሚቴ ተቋቁሞ በ1978 የሞተሩን ሥራ መረመረ። የናሳ ኃላፊዎችም በበኩላቸው አንድ ቁጥር አስቀመጡ፤ ሞተሩ በምድር ላይ በድምሩ 65 ሺህ ሴኮንድ ሳይነድ ሰው ይዞ አይነሣም። ቁጥሩ ለምን 65 ሺህ ሆነ የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ዋናው ቁም ነገር ወዲህ ነው። ሻትል እንደ ቀድሞዎቹ መንኮራኩሮች መጀመሪያ ባዶዋን ተልካ የምትሞከር አልነበረችም። በመጀመሪያው ጉዞዋ ሁለት ሰዎች ይቀመጡባታል። እንግዲህ ሚሲሲፒ ላይ ያልታየ ጥፋት የሚታየው በእነሱ ላይ ነው።

ከአንድ ሞተር ወደ ሦስት መሸጋገርም ነበረበት። የሻትልን የኋላ አካል የሚመስል መያዣ ተሠርቶ፣ ሦስት ሞተር ተገጥሞለት፣ ትልቁ የነዳጅ ጋን ተያይዞለት የጨረቃው ሮኬት በተፈተነበት ቢ-2 በተባለው ማማ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ሙከራ ኤፕሪል 21 ቀን 1978 ነበር። ጁላይ 2 ቀን 1979 የአንዱ ሞተር የሃይድሮጂን ቫልቭ ቤት ተሰነጠቀ፤ ያመለጠው ሃይድሮጂንም በዝጉ ክፍል ውስጥ ተከማችቶ ነደደ። ኖቬምበር 4 ቀን ደግሞ በደወል መሰሉ የሞተር አፍ ዙሪያ የሚሄደው የሃይድሮጂን ቧንቧ ፈነዳ። ሲመረመር ብየዳው የተሠራበት ሽቦ ከታዘዘው የደከመ ዓይነት ሆኖ ተገኘ! ያ ሁሉ የዘንግ ሒሳብ፣ ያ ሁሉ የሊቅ ጉባኤ፣ በመጨረሻ ከመደርደሪያ በስህተት የተነሣች የብየዳ ሽቦ ትጥለዋለች። ሌሎቹም ሞተሮች እንዲህ እንዳይሆኑ አንድ በአንድ መፈተሽ ግድ ሆነ። ዲሴምበር 17 ቀን 1979 ሦስቱ ሞተሮች አብረው 554 ሴኮንድ ነደዱ፤ ወደ ጠፈር ለመድረስ ከሚያስፈልገው ይበልጣል።

ማማው ሥር ቆሞ የሚያይ ሰው ቢኖር የሚያየው ጭስ አይደለም። ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ሲነዱ ውሃ ነው የሚሆኑት። ከማማው ሥር የሚወጣው ነጭ ደመና ተን ነው፤ አንዳንዴም ተመልሶ በአካባቢው ላይ እንደ ዝናብ ያካፋል። በተለቀቁት መንደሮች ፍርስራሽ ላይ፣ በጠራ ሰማይ፣ ከሞተር የወረደ ዝናብ። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ልብ ወለድ ይመስለኛል።

65 ሺሁ ሴኮንድ በ1980 ተሞላ፤ ሙከራው ግን አልቆመም። ሻትል ኮሎምቢያ ኤፕሪል 12 ቀን 1981 ጆን ያንግንና ሮበርት ክሪፐንን ይዛ ስትነሣ፣ የሞተሮቹ የምድር ላይ ሙከራ ከ700 ጊዜ በላይ፣ ድምሩም ከ110 ሺህ ሴኮንድ በላይ ደርሶ ነበር። ሦስቱ ሞተሮች ስምንት ደቂቃ ተኩል ያህል ነደዱ፤ የተባሉትን ሠርተው ጠፉ።

ከዚያ በኋላ በሠላሳ ዓመት የሻትል ታሪክ ውስጥ ሁለት መንኮራኩሮች ከነተሳፋሪዎቻቸው ጠፍተዋል፤ ቻሌንጀር በ1986፣ ኮሎምቢያ ራሷም በ2003። ሁለቱንም ያጠፋቸው ይህ ሞተር አልነበረም። የመጀመሪያዋን ያጠፋት በጎን የሚታሰረው የጠጣር ነዳጅ ሮኬት መጋጠሚያ፣ ሁለተኛዋን ከጋኑ ተገንጥሎ ክንፏን የመታው የአረፋ ቁራጭ ነው። ሁሉም የፈራው ሞተር በጉዞ ላይ ያጋጠመው ከባድ ችግር በ1985 አንዱ ከመንገድ መጥፋቱ ነው፤ እሱም ሞተሩ ሳይሆን የሙቀት መለኪያው ተበላሽቶ ነው። እውነቱን ለመናገር ተመልሶ የሚሠራ የተባለው ግን ለረጅም ጊዜ በስም ነበር። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሞተሮቹ ወርደው ይመረመራሉ፤ ፓምፖቹም ቶሎ ቶሎ ይለወጡ ነበር። ለዚህ መፍትሔ የተፈለገው ከማን ዘንድ እንደሆነ አንባቢ ይገምት፤ ከዚያው ከተሸነፈው ፕራት ኤንድ ዊትኒ። የእሱ የኦክሲጅን ፓምፕ በጁላይ 1995፣ የሃይድሮጂኑ ደግሞ በጁላይ 2001 በረረ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት በአቤቱታ ያጣውን ሥራ በጓሮ በር አገኘው።

የሻትል ሞተር የመጨረሻ ፈተና በሚሲሲፒ የተደረገው ጁላይ 29 ቀን 2009 ነው። ሻትሎቹ በ2011 ከበረራ ተሰናበቱ፤ ሞተሮቹ ግን ዕረፍት አላገኙም። ናሳ ሰውን ዳግመኛ ወደ ጨረቃ ለመውሰድ ለሠራው አዲስ ግዙፍ ሮኬት ከሻትል የተረፉትን ሞተሮች አራት አራት አድርጎ መደበ። በጃንዋሪ 2021 የሮኬቱ ዋና አካል ከነአራት ሞተሮቹ በዚያው በቢ-2 ማማ ላይ ታስሮ ተነሣ፤ ከ67 ሴኮንድ በኋላ ከዕቅዱ ቀድሞ ቆመ። ማርች 18 ቀን ተደግሞ ስምንት ደቂቃ ያህል ነደደ። ኖቬምበር 16 ቀን 2022 ሮኬቱ ሰው ሳይዝ ወደ ጨረቃ ተወነጨፈ።

አራቱም ሞተሮች ቀደም ሲል በሻትል ላይ ደጋግመው የበረሩ፣ ተመልሰውም የተጠገኑ ነበሩ። አዲሱ ሮኬት ግን የሚመለስ አካል የለውም። ሥራቸውን ጨርሰው ከነአካሉ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቁ። የተረፉት ሲያልቁ ለመተካት የሚሠሩት አዲሶቹም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነዱ የታሰቡ ናቸው፤ እነሱም እየተሠሩ በዚያው በፐርል ወንዝ ዳር ታስረው ይፈተናሉ።